የገብስ ጥሎሽ

ጥር ሲገባ መሐል ሜዳ ላይ ውርጭና ሠርግ ይበረታሉ። በዚያ ቅዳሜ ማለዳ ሁለቱም በምንተስኖት መስኮት ሥር አለፉ። ውርጩ መስታወቱን አደብዝዞታል፤ ከመስታወቱ ማዶ ሪባን ያሰሩ መኪኖች ጡሩምባቸውን እያንባረቁ ሙሽራ ሊያመጡ ወደ ጎረቤቷ ቀየት ያቀናሉ። እርሱ ከስክሪኑ ፊት ተቀምጦ፣ እጆቹን በጭኖቹ መካከል ቀብሮ፣ የሚወዳት ሴት የጻፈቻትን አንዲት መስመር ያነባል። ሲያነባት ሰንብቷል። ባነበባት ቁጥር ከሆዱ ሥር የሚነሣው ቁጣ ቢሆን በወደደ ነበር፤ ቁጣ ክብር አለው። የሚነሣው ግን ማቅለሽለሽ ነው፤ ጠላ ተጎንጭቶ ዝንቧን በምላሱ ላይ ያገኘ ሰው ማቅለሽለሽ።

የተከራያት ክፍል ከወይዘሮ ብርነሽ የቆዳ መጋዘን ጀርባ ናት። ጨው የተነሰነሰበት የበግ ቆዳ እስከ ጣሪያው ተከምሮ፣ ጠረኑ በግድግዳው ስንጥቅ እየሾለከ ይገባል። ከአዲስ አበባ የተመለሰ ሰሞን አፍንጫውን ይዞ ያድር ነበር፤ ኋላ ለመደው፤ ኋላም ረሳው። ከዚያች መስመር ወዲህ ግን አፍንጫው እንደ አዲስ ተከፈተ። የሚጠጣው ውኃም፣ የገዛ ሹራቡም፣ ሌላው ቀርቶ የሚያስበው ሐሳብ እንኳ ቆዳ ቆዳ ይለው ጀመር።

ሥራውን ለመንደሩ ሰው ማስረዳት ተስኖት ትቶታል። ሰርቨሩ የሚገኘው አዲስ አበባ፣ የሚሠራበት የብቅል ኩባንያ ሕንፃ ውስጥ ነው፤ እርሱ መንዝ ነው፤ በመካከላቸው የገደልና የሜዳ አገር ተዘርግቷል። ሆኖም በጠረጴዛው ላይ የኮድ ማረሚያውን ሲከፍት ያ ሩቅ ሲስተም ሆድ ዕቃውን ዘርግቶ ይታየዋል። የሚያየው ጽሑፍ ከፊቱ ያለ ይመስላል እንጂ የለም፤ አንድ ቃል ለውጦ ባስቀመጠ ቅጽበት የለወጠው ቃል አዲስ አበባ ላይ ሕግ ይሆናል። ወይዘሮ ብርነሽ ነገሩን በራሷ መንገድ ተረድታዋለች። «የኛ ምንተስኖት እዚህ ተቀምጦ አዲስ አበባ የተጣደ ወጥ ያማስላል» ትላለች ለደንበኞቿ፤ «ቅመሱልኝ ብሎ አያውቅም እንጂ።»

ከመንገዱ ማዶ የኩባንያው የገብስ መረከቢያ ጣቢያ አለ። ገበሬው ገብሱን በአህያ ጭኖ ይመጣል፤ ከጆንያው አንድ ጭብጥ ተዘግኖ ከእርጥበት መለኪያው ይገባል፤ መለኪያው ያነበበው አዲስ አበባ ይደርሳል፤ ከአዲስ አበባ ፍርድ ይመጣል። ዘንድሮ ፍርዱ አንድ ዓይነት ሆነ፤ የመንዝ ገብስ ሁሉ እርጥብ ነው፣ ይመለስ። ከንፈር በሚሰነጥቅ በጋ፣ ሣሩ ሲረገጥ በሚንኮሻኮሽበት ጥር፣ ገብሱ ረጠበ ተባለ። የተመለሰበትን ገበሬ ደግሞ በሩ ላይ አንድ ደላላ ይጠብቀዋል፤ «ከምትመልሰው ለከብት መኖ ልውሰድልህ» ይለዋል። ለመኖ ተብሎ በርካሽ የተወሰደው ገብስ ዞሮ እዚያው የኩባንያው ብቅል ቤት ይገባል። ደላላው የሥራ አስኪያጁ የቴዎፍሎስ ሰው እንደሆነ የጣቢያው ዘበኛ እንኳ ያውቃል።

የአባቱ ጎረቤት ጋሼ ወዳጆ አህዮቻቸውን ባዶ እየነዱ ሲመለሱ ምንተስኖት መንገድ ላይ አግኝቷቸው ነበር።

«ረጥቧል አሉኝ፣ ልጄ» አሉት፤ ከኪሳቸው ጥቂት ፍሬ አውጥተው በመዳፉ ላይ አኖሩለት። «እስቲ ንከሰው። እኔ ትናንት ብነክሰው መንጋጋዬን አናጋው። የቀሩኝን ጥርሶች ደግሞ ለመብላት እንጂ ለሙከራ አላስቀመጥኳቸውም።»

ምንተስኖት ነከሰ። ፍሬው እንደ ጠጠር ቀጭ አለ። ሽማግሌው ሳቁ። ከዚያ፣ አህዮቹ እንዳይሰሟቸው የፈለጉ ይመስል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እርጥብ እህል ያቀረበ ሰው ተብዬ አላውቅም ነበር» አሉ።

መለኪያው ተበላሽቶ ይሆናል ብሎ ኮዱን ከፈተ። መለኪያው ደኅና ነበር። ገብሱን የሚያረጥበው ኮዱ ነው፤ ከመንዝ ጣቢያዎች በሚመጣ ንባብ ሁሉ ላይ እርጥበት ጨምር የምትል አንዲት መስመር። ከጎኗም፣ ሲስተሙ ለማናቸውም ለውጥ እንደሚያደርገው፣ የጸሐፊዋ ስም ሰፍሯል፤ አርሴማ።

አርሴማ የኩባንያው ባለቤቶች ልጅ፣ የቴዎፍሎስ እኅት፣ የሲስተም ክፍሉ ኃላፊ ናት። ኩባንያው የተመሠረተበትን ያን ያረጀ የኮድ ቋንቋ አጥርተው የሚያነቡት እርሷና ምንተስኖት ብቻ ናቸው። አባቱ መሪጌታ መርስዔ ኃዘን፣ ቁም ጸሐፊው፣ «ከደብሬ የምወጣው በቃሬዛ ነው» ብለው አዲስ አበባን እምቢ ባሉ ጊዜ ልጅየው ወደ መንዝ ተመለሰ፤ ከዚያ ሆኖ እንዲሠራ የተሟገተችለት እርሷ ነበረች። ፍቅራቸውም ያደገው በርቀቱ ውስጥ ነው። አንዱን ፋይል ለሁለት ከፍተው ሲሠሩ፣ ስሟን የተሸከመች ትንሽ ጠቋሚ በስክሪኑ ላይ ብልጭ ድርግም እያለች ስትሄድ ያያታል። ከአንድ ቃል አጠገብ ቆማ ስትዘገይ ማመንታቷን፣ የጻፈችውን አጥፍታ ስትመለስ መጸጸቷን ያውቃል። ሌሎች በዓይን የሚባባሉትን እነርሱ በዚያች ጠቋሚ ተባባሉት። ከዚያ ማሽኑ አልፎት በሚሄድ፣ ሰው ብቻ በሚያነበው በኮዱ ኅዳግ ላይ መጻጻፍ ጀመሩ። «እዚህ ጋ ዝግ በል፤ ትናንት ብቻዬን አስቆኛል» ብላ ትጽፋለች። «የሳቅሽበትን መስመር ማን ይነካል» ብሎ ይመልሳል።

ሽማግሌ ላከ። እናቷ ወይዘሮ አመተሥላሴ ሽማግሎቹን ቁጭ በሉ እንኳ ሳይሉ ሸኟቸው። «የደብተራ ልጅ ነው አሉ። እጁ ክታብ የለመደ ሰው ልጄን በምን እንደያዛት እኔ አላጣውም» አሉ። ያን ስድብ ምንተስኖት ችሎት ነበር፤ የሚጸየፉት ሰዎች ልጅ እርሱን አልተጸየፈችውምና።

አሁን ጸያፉ ከእርሷ ጣት ወጣ። መስመሯን ሊያጠፋት ይችል ነበር፤ አላጠፋትም። ልጅ ሳለ አባቱ ብራና ሲያርሙ አይቷል። መሪጌታ የተሳሳተን ቃል በካራ መፋቅ አይወዱም፤ የተፋቀ ብራና ይሳሳል። ከላዩና ከሥሩ ቀጭን መስመር ያሰምሩበታል፤ ቃሉ ይታያል፣ አንባቢው ግን አልፎት ይሄዳል። ምንተስኖትም የአርሴማን መስመር ከሥራ አግዶ ማሽኑ የሚያልፈው ማስታወሻ አደረጋት፤ ከበላይዋም እንዲህ ሲል ጻፈ፦ «ይህን ሐሰት የጻፈችው አርሴማ ናት። ሽሬዋለሁ። ምንተስኖት።»

ሲያስቀምጠው ንጹሕ ሥራ የሠራ መሰለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የመንዝ ገብስ ደረቀ፤ ጣቢያው መቀበል ጀመረ። የአርሴማ ጠቋሚ ግን ከስክሪኑ ጠፋች። ቦታዋ ላይ ዓይኑን ተክሎ ሲውል፣ የናፈቃት ልቡ የቱ ጋ አብቅቶ የተጸየፋት ልቡ የቱ ጋ እንደሚጀምር መለየት አቃተው።

በዚያ ቅዳሜ ረፋድ ስልኩ ላይ ከአርሴማ አጭር መልእክት ገባ። «መናኸሪያ ነኝ። ና።»

* * *

ከደብረ ብርሃን ከመጣው ሚኒባስ አጠገብ ቆማ አገኛት። የለበሰችው ስስ ካፖርት ለመንዝ ነፋስ መሳቂያ ነበር። ፊቷ ገርጥቷል፤ ከንፈሯ ደርቋል፤ ያም ሆኖ ውብ ነበረች፤ ውበቷም አበሳጨው። ሐሰት በሰው መልክ ላይ ምልክት ቢያወጣ ኖሮ የመውደድ ሥራ ምንኛ በቀለለ።

እጅ ተጨባበጡ፤ አልተሳሳሙም። መንገዱን ሁሉ ጎን ለጎን ሄዱ፣ ለየብቻቸው።

ወይዘሮ ብርነሽ ከመጋዘኗ በር ላይ ቆማ ቆዳ ታስቆጥር ነበር። ሥራዋን ትታ ቀና አለች።

«ምንተስኖት፣ እኅትህ ናት?»

«አይደለችም፣ እትዬ ብርነሽ።»

«እኔም መስሎኝ አይደለም። ስምህን ከማጥፋቴ በፊት ልጠይቅህ ብዬ ነው።» ወደ አርሴማ ዞረች። «ግቢ፣ የኔ እመቤት። ሽታውን አትጸየፊው፤ በጊዜው በግ ነበር። በዚህች ጨርቅ ነው መንዝን ያህል አገር የተዳፈርሽው?» ከመደርደሪያዋ የበግ ጠጉር ባና ስባ ትከሻዋ ላይ ጣለችባት። «ስትሄጂ ትመልሺዋለሽ። ካልሄድሽ ያው እሱ ይከፍላል።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች አርሴማ፤ ፈገግ ለማለት ሞከረችና ግማሽ ላይ ተወችው። ምንተስኖት የተወችውን ፈገግታ አየ። ሊሰበስበው ፈለገ፤ የፈለገበትን ልቡንም ረገመው።

* * *

በምንተስኖት ክፍል ውስጥ አንድ ወንበር ብቻ ነበረች። ወንበሯን ለእርሷ ትቶ ከአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። አርሴማ ስክሪኑን ለረጅም ጊዜ አየች፤ ያቺ መስመር ከነማስታወሻዋ ተከፍታ ነበር።

«ከዚህ ነው የጻፍክብኝ?»

«አልጻፍኩብሽም። የጻፍሽውን አሳየሁ።»

«ለማን?»

ዓይኑን ወደ መስኮቱ መለሰ።

«ለማን ነው ያሳየኸው? ለኔ ከሆነ እኔ አውቀዋለሁ፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ለክፍሉ ልጆች ነው። ጠዋት ስገባ ሁሉም ስክሪኑን ይዘጋል። ሰላም ሲሉኝ ጫማዬን እያዩ ነው። ስልኬ አንተ ጋ አለ፤ 'አርሴማ፣ ይኼ ምን ጉድ ነው?' ብትለኝ ምን ይጎድልህ ነበር? ወይ ሰድበኸኝ ትዘጋዋለህ። ስድብህን በጆሮዬ እሰማው ነበር።»

«እኔ በአባቴ ሥርዓት ነው የሠራሁት» አለ፤ ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት። «አባቴ ስህተት አይፍቁም። የተጻፈው ከነጸሐፊው ይቀራል።»

«አባትህን ተዋቸው። አምና ለጥምቀት ይዘኸኝ የመጣህ ጊዜ መጽሐፋቸውን አይቻለሁ። በሁለት ቀጭን መስመር መካከል የታሰረ ቃል አሳዩኝ። 'የማን ስህተት ነው፣ አባባ?' ብላቸው፣ 'የጸሐፊ' አሉኝ፤ ሌላ ምንም አላሉኝም። ብራናው ላይም ስም አልነበረም። ስም የጨመርክበት አንተ ነህ።»

ያለችው እውነት ነበር። አባቱ ስህተትን ያስራሉ እንጂ የተሳሳተውን ሰው ለአላፊ አግዳሚ አያቆሙም። ንጽሕና ብሎ የጠራው ነገር የገዛ ቁስሉ እንደሆነ ገባው፤ ሊያቆስላት ፈልጎ፣ እጁ እንዳይታይበት የአባቱን እጅጌ ተውሶ ነበር። የተጸየፋት ያህል ራሱን ተጸየፈ። ያም አላጽናናውም፤ አንዱ ቆሻሻ ሌላውን አያነጻም።

«ለምን ጻፍሻት?» አለ በመጨረሻ።

አርሴማ ባናውን ወደ አንገቷ ሰበሰበች። «ሽማግሎችህ በተመለሱ ሰሞን ቴዎፍሎስ ቢሮዬ መጣ። 'እማዬን እኔ አሳምናታለሁ፤ አንቺ ደግሞ አንዲት ነገር ጻፊልኝ' አለኝ። 'ለዘንድሮ መኸር ብቻ።' ምን እንደምትሠራ አላወቅሁም ነበር አልልህም። አውቄ ነው። የሚመለሰውን ሰው አላየሁትም፤ አህያውን አላየሁትም፤ ስክሪኑ ላይ ያለው የጣቢያ ስም ብቻ ነው። መሐል ሜዳ ብዬ ስጽፍ እጄ ቆመ፤ አንተ ያለህበት አገር ነው። ኋላ ግን ጻፍኩት። አንተን የማገኝበት መንገድ ነበር።»

ነፋሱ በሩን ገፋ አድርጎ ለቀቀው። ምንተስኖት ተነሥቶ መልሶ ገጠመው።

«ጥሎሽ ወንድ ነው የሚያመጣው፣ በኛ አገር። የኔን አንቺ ከፈልሽልኝ። በጋሼ ወዳጆ ገብስ።»

«አዎ» አለች።

ቃሏ ራቁቷን ነበረች። ማንም እንደዚህ ወዶት አያውቅም፤ ማንም እንደዚህ አላቆሸሸውም። የጎረቤቶቹ ውርደት የእርሱ ሠርግ ማገዶ ሆኖ ኖሯል፤ እሳቱን እየሞቀ ከየት እንደመጣ አልጠየቀም። ዓይኖቹ እንባ አቀረሩ። ለማን እንደሆነ ሁለቱም አላወቁም።

* * *

«ገና አልጨረስኩም» አለች አርሴማ። «መልእክት ይዤ ነው የመጣሁት።»

«ከማን?»

«ከቤት። እማዬ ሽማግሎቹን ይላክ ብላለች። ጾሙ ሳይገባ።»

ምንተስኖት ቀና ብሎ አያት። በዚያ ቃል ስንት ቀን ሲያልም ኖሯል፤ ሲመጣ የሚያለቅስ ይመስለው ነበር። «ምን አድርጌ?» አለ።

«ማስታወሻዋን ታጠፋታለህ። መስመሯን ወደ ሥራዋ ትመልሳታለህ።»

«አንቺስ? ቋንቋውን ታውቂዋለሽ። እኔን ምን አስፈለጋቸው?»

«እጅህ እንዲገባበት ነው የሚፈልጉት። እጁን ያስገባ ሰው አይናገርም ብሎ ነው ቴዎፍሎስ።»

«ክታብ የለመደውን እጄን?»

አርሴማ ወደ መሬት አየች። «ትናንት እማዬ ለወንድሜ ስትነግረው ሰማኋት። 'ለካስ የሊቅ ልጅ ነው፤ እንዲህ ያለ ቤተ ሰብ አሁን ከየት ይገኛል' ትለዋለች። ወጥቼ ጓሮ አስመለሰኝ።»

ሳቅ የመሰለ ነገር ከሁለቱም አመለጠ፤ ወዲያው ሞተ።

ምንተስኖት ወደ ስክሪኑ ተጠግቶ እጆቹን በኪቦርዱ ላይ አኖረ። ነገሩ ቀላል ነበር፤ የሚያስጸይፈውም ቅለቱ ነው። ጥቂት ፊደል አጥፍቶ ቢያስቀምጥ አዲስ አበባ ላይ ያለ አንድ ሣጥን ይታዘዛል፤ ደም አይፈስም፣ በር አይሰበርም፤ ከመንገዱ ማዶ ያለ ገብስ ብቻ እንደገና ይረጥባል። በዚያም ዋጋ ይህች ሴት ሚስቱ ትሆናለች። ጠቋሚዋን በስክሪን ላይ መከታተል ይቀራል፤ የእግሯን ኮቴ በቤቱ ውስጥ ይሰማል። ተክሊሉን፣ የአባቱን ደስታ፣ በጠዋት የሚነቃበትን ፊት አየ።

እሺ ሊል ፈለገ። ከሁሉ የከፋው ይህን በራሱ ላይ ማወቁ ነበር። ቃሉ ከምላሱ ጫፍ ደርሶ፣ እንደ ምራቅ ሞልቶ፣ የሚተፋበት ወይም የሚውጥበት ጊዜ ሲጠብቅ ተሰማው።

አርሴማ አየችው። ያቺ ጠቋሚ ቆማ ስትዘገይ እርሱ እንደሚያውቃት ሁሉ፣ እርሷም ማመንታቱን ከጣቶቹ አነበበች።

«እኔ በመንገዴ ሞላሌ ከተማን እስካልፍ ድረስ እሺ ይበል እያልኩ ስጸልይ መጣሁ» አለችው። «መናኸሪያው ላይ ፊትህን ሳየው ግን፣ እሺ ካልከኝ ዕድሜዬን ሙሉ አጠገብህ ተኝቼ እንደምጸየፍህ አወቅሁ። እምቢ ካልከኝ ደግሞ አንተ ትጸየፈኛለህ።»

«አሁንም እጸየፍሻለሁ።»

«አውቃለሁ።»

«ራሴንም።»

«እሱንም አውቃለሁ። ፊትህ ላይ አለ። የሚወድህም ሰው እዚሁ ነው ያለው፤ ቢጠቅምህ።»

እጆቹን ከኪቦርዱ ላይ አነሣ። እምቢ የሚለውን ቃል አላወጣውም፤ ቃሉን መናገር ጀግና መምሰል ነበር፤ እርሱ ደግሞ እጅግ ስለተመኛት ጀግና ነኝ ማለት አልቻለም። ኮምፒውተሩን ብቻ አጠፋው። ስክሪኑ ሲጠቁር የሁለቱ ፊት በመስታወቱ ውስጥ ታየ፤ የደከመ፣ የቆሸሸ፣ እርስ በርሱ የሚመሳሰል ፊት። አርሴማ ያን ምስል አይታ፣ ከተገናኙ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች። እርሱ አላባበላትም፤ ከአጠገቧም አልራቀ።

* * *

እንባዋን በባናው ጠርዝ ጠረገች። «ገብሳቸው የተመለሰባቸው ሰዎች የት ነው ያሉት?»

«ከመንገዱ ማዶ። ምነው?»

«አንተ ስሜን ማሽን ውስጥ ጻፍከው። እኔ ለሰው ልናገረው።»

«ነገ ቴዎፍሎስ የሥራ አስኪያጅ መኪናውን ይዞ ይመጣል፤ ከቤታችሁም ያስወጣሻል።»

«ከቤት የወጣሁት ትናንት ነው፤ ጓሮ ያስመለሰኝ ጊዜ» አለችና ወጣች።

ገበያ ቀን በመሆኑ የጣቢያው ግቢ በአህያና በጆንያ ተጨናንቆ ነበር። ደላላው በሩ ላይ ተደግፎ በስልኩ ይጫወታል። ሰው የመዲናዋን ልብስ አየና መንገድ ለቀቀላት፤ ከሚዛኑ አጠገብ ደርሳ ቆመች። ምንተስኖት ከበሩ አላለፈም። እግሩ እምቢ አለው።

«አባቶቼ፣ እናቶቼ» አለች፤ ሁሉም እስኪዞርላት ጠበቀችና ቀጠለች። «ገብሳችሁ እርጥብ አልነበረም። መለኪያውም አልተሳሳተም። አዲስ አበባ ያለው ማሽን ላይ ሐሰት የጻፍኩት እኔ ነኝ። አውቄ ነው የጻፍኩት። ተመላሽ የተባለውን ይህ በሩ ላይ ያለው ሰው ወስዶ ለዚያው ለኩባንያው ያስገባው ነበር።»

ከኋላ አንዲት ባልቴት ጎረቤቷን ጎሸመቻት።

«ምን አለች?»

«እርጥብ አልነበረም ነው የምትለው።»

«እሱንማ እኛም እናውቃለን። ከዚያ ሌላስ ምን አለች?»

«እኔ ነኝ አለች።»

ባልቴቷ ነጠላዋን ወደ አፏ ሰበሰበች። ደላላው ስልኩን ኪሱ ከቶ በሩን ለቀቀ፤ ሲሄድ አንድም ሰው ዞሮ አላየውም፤ ዓይን ሁሉ ልጅቱ ላይ ነበር። በዚያ ዓይን ውስጥ የነበረውን ምንተስኖት ያውቀዋል። ከርሞበት የነበረው ያው መጸየፍ ነው፤ አሁን በግቢ ሙሉ ሰው ፊት ላይ ሲያየው ልቡ ታመመ።

ጋሼ ወዳጆ ከጆንያቸው ላይ ተነሥተው በዱላቸው እየተደገፉ ቀረቧት።

«ይህን ልትነግሪን ነው ከአዲስ አበባ ድረስ የመጣሽው?»

«አይደለም፣ አባባ። የመጣሁት ሌላ ነገር ልለምን ነበር።»

«ደግ። እሱንም አልዋሸሽም።» ለጥቂት ጊዜ አዩዋት። «ያ የፊተኛው ገብሴ ሄዷል፣ ልጄ። ለበሬ ነው ብሎ ወሰደው። የምትመልሽው ነገር እንደሌለ አውቃለሁ፤ እኔም ይህን አልጠይቅሽም። ከማን ወገን ነሽ?»

በመንዝ ይህ ጥያቄ ከእርግማንም ከይቅርታም ይቀድማል። በደለኛ ብቻውን አይታረቅም፤ ወገኖቹ ከፊቱ ቆመው፣ በደሉን በደላችን ብለው፣ ድንጋይ ተሸክመው ይመጣሉ። ወገን የሌለውን ሰው ማንም ይቅር ሊለው አይችልም፤ ይቅርታው የሚያርፍበት ትከሻ የለውማ።

አርሴማ አፏን ከፈተች። የአባቷ ስም የኩባንያው ስም ነበር፤ በሚዛኑ ላይ፣ በጆንያው ላይ፣ በግቢው በር ላይ ተጽፏል። ያን ስም ልትጠራ አልቻለችም፤ ሌላም ስም አልነበራት። አፏን መልሳ ዘጋች። ባናው ከአንድ ትከሻዋ ተንሸራቶ ወደቀ፤ አላነሣችውም።

ሽማግሌው ጠበቁ። ግቢው ጠበቀ።

ምንተስኖት ከበሩ እግሩን ሲያነሣ ምን እንደሚል አያውቅም ነበር። ፍቅሩ አልበረታበትም፤ መጸየፉም አልቀለለውም። አንድ ነገር ብቻ ገባው፤ ገብሱን ያረጠበችው ለእርሱ ብላ እንደሆነና፣ ጥሎሹን የተቀበለ ሰው የሰጪዋን እጅ ቆሻሻ ነው ሊል እንደማይችል። በሰዎቹ መካከል አልፎ ሄዶ ከጎኗ ቆመ።

«ከኔ ወገን ናት፣ ጋሼ ወዳጆ።»

ጋሼ ወዳጆ ከእርሷ ወደ እርሱ፣ ከእርሱ ወደ እርሷ አዩ። «ያንተ ወገን ከሆነች በደሉም ያንተ ነው። አባትህ ያውቃሉ?»

«ዛሬ ይሰማሉ።»

«ታዲያ ይዘሃቸው ና» አሉ ሽማግሌው፤ ወደ ጆንያቸውም ተመለሱ። ይቅር አላሉም። አልረገሙምም።

ሰው ቀስ በቀስ ወደ ጨዋታውና ወደ ሚዛኑ ዞረ። ሁለቱ እዚያው ቆመው ቀሩ። ምንተስኖት አላያትም፤ ሊያያት አልደፈረም። ክንዷ ክንዱን ነካው፤ አንዳቸውም አልሸሹም። በአፉ ያለው ምሬት አልለቀቀውም። እስከዚያ ቀን ግን ብቻውን ነበር የሚውጠው።